በመቀናጆ የተገዛ ዲግሪ

ዲግሪ ያዋጣል ወይ ተብዬ በተጠየቅሁ ቁጥር ቆሽቴ ያራል። ሰርግ ላይ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ላይ ይጠይቁኛል። ልጁን ኮሌጅ ሊያስገባ ያሰበ ሁሉ ወጪውን ይዘረዝርልኝና ፊት ፊቴን ያያል፤ የተማርኩ ስለሆንኩ መልሱ ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እኔ ግን ጥያቄው ሲነሳ ትዝ የሚለኝ ኮሌጁም ደሞዙም አይደለም። አንድ ዳልቻ በሬ ነው ትዝ የሚለኝ።

በሬው የአባቴ ነበር። ቀንበሩ ግን የሁለት ቤት ነበር። ከገነተ ማርያም ዝቅ ብላ ባለችው መንደራችን ጥንድ በሬ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሌላው አንድ አንድ በሬ ይዞ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን ማሳ፣ በማግስቱ የሌላውን ያርሳሉ። መቀናጆ የሚባለው ይኸው ነው። አባቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሚቀናጀው ከአጥር ማዶ ካሉት ጎረቤታችን ጋር ነበር። እኔ አያ እላቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልዳቸውን ሳይስቁ የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ከአባቴ ጋር ባንድ ሞፈር ሲያረጁ አንድ ቀን እንኳ በተራ ሲጣሉ አልሰማሁም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ ኮሌጅ የገባን ልጅ መንግሥት በነጻ ያስተምረዋል፣ ያበላዋል፣ ያስተኛዋል። ይህን ስናገር የዛሬ ወላጆች ምራቃቸውን ይውጣሉ። ቆይ እስቲ! ነጻው ኮሌጁ ነው እንጂ እስከ ኮሌጁ በር ያለው መንገድ ነጻ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ወልድያ ቤት ተከራይቼ ነው። ኪራዩ፣ ስንቁ፣ ልብሱ፣ ደብተሩ ሁሉ ከዚያች ድንጋያማ ማሳ ነው የሚወጣው። ሦስቱን ዓመት በበግና በማር ተገፋ። በመጨረሻው ዓመት በጉም ማሩም አለቀ፤ አባቴ ዳልቻውን ነድቶ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወጣ።

ከመውጣቱ በፊት ግን አያን አማክሯል። አያም፣ ልጁ ተምሮ ሲወጣ በሬውን ይመልስ፣ እስከዚያ እንደ ምንም ብዬ እገፋለሁ አሉ። አባቴም ይመልሳል አለ። በቃ፣ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔ ወልድያ ነበርኩና የጠየቀኝ ሰው የለም። ብጠየቅም እሺ እል ነበር፤ ማትሪክ የደረሰበት ልጅ ምን የማይለው ነገር አለ?

ማትሪኩን አለፍኩና የእርሻ ኮሌጅ ገባሁ። አያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአገሩ ሁሉ "የኔ መቀናጆ ኮሌጅ ገባ" ማለት ጀመሩ። መንደራችን ደግሞ ቀልድ ካገኘች አትለቅም። ለእረፍት ስመጣ ውኃ የምትቀዳዋም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም፣ ሁሉም መቼ ነው የምትጠመደው ይለኛል። አንዷ ባልቴትማ ትከሻዬን ዳበስ ዳበስ አድርገው አሁን ገና ነው፣ አልጠነከረም አሉኝ። እርር ድብን አልኩ። መጽሐፍ ተሸክሜ ስመጣ "በሬው መጣ" መባል አንጀት ያሳርራል። ንዴቴን የባሰ ያደረገው ግን ቀልዱ እውነት መሆኑ ነው።

እውነቱ ደግሞ ማሳው ላይ ይታያል። አባቴ በዶማ መቆፈር ጀመረ። አያ የቀራቸውን አንድ በሬ ይዘው ከዳገቱ በላይ ካለ ሰው ጋር ተቀናጁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ማሳው ብዙ ነው፣ ዘመድም አይደለም። ዝናብ በጣለ ማግስት መሬቱ ለስልሶ ገር ሲሆን በሬዎቹ ከሰውየው ጋር ናቸው። አያ ዘንድ የሚደርሱት አፈሩ ሲደርቅ ነው፣ አለዚያም ሲጨቀይ። የሌላው ገብስ ጉልበት ሲደርስ የአያ ገና ከመሬት ብቅ ይላል፤ ሌላው ሲያሸት የእሳቸውን ውርጭ ይመታዋል። በዚያ ላይ መሬቱ የገበሬ ማኅበር ነው፤ አርሶ ማደር ያቃተው ሰው መሬቱን ይዞ ለመቆየቱ ምንም ዋስትና የለውም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባቴም ያውቃል፣ አያ ደግሞ ከሁላችን በላይ ያውቃሉ።

ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ስመጣ አያ አጥሩን ተደግፈው ጠበቁኝ። ኮሌጁ መቼ ነው የሚለቃችሁ አሉኝ። ፈተናው ሰኔን ሙሉ ስለሆነ ሐምሌ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰኔ ሲገባ ሰው ሁሉ አራሽ ነው፤ ሰኔ ያመለጠው ዓመቱ አመለጠው ማለት ነው።

"እኔ ዲግሪህን አልጠየቅሁህም" አሉኝ። "ሰኔን ነው የጠየቅሁህ። ለአንድ ሰኔ ድረስልኝ።"

"ስመረቅ ለሰኔ በሬውን ይዤ እመጣልዎታለሁ፣ አያ" አልኳቸው። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ተመረቅሁ። ጥቁር ካባ ለብሼ፣ ያንን ጠፍጣፋ ቆብ ደፍቼ የተነሳሁትን ፎቶ ለአባቴ ላክሁለት። ፎቶው መንደሩን ሲዞር አንዷ ባልቴት ደንግጠው ማን ሞቶበት ነው ጥቁር የለበሰው ብለው ጠየቁ አሉ። አያ ፊታቸውን ሳይፈቱ "በሬያችን ነዋ" ብለው መለሱ። አባቴ ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ምደባ መጣ። ወሎን ነበር የጠየቅሁት። እንዲያውም ላስታን ብዬ ነው የጠየቅሁት፤ ወደዚያ ልሂድ ብሎ የሚለምን ሞኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ አይከለክሉኝም ብዬ ነበር። የደረሰኝ እግዜር ያሳያችሁ ቆላ ውስጥ ያለ የመንግሥት እርሻ ነው። ትራክተር እንደ ጉድ ተደርድሯል፤ ቀንበር የሚባል ነገር የለም። የተማርኩትን ትምህርት እዚያ ሠራሁበት፣ አልዋሽም። ግን ከሥራዬ ሁሉ ለእኔ ጉዳዬ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ በሬ ገዝቶ ለሰኔ ቤት መድረስ። አንድ ዲግሪ አንድ በሬ እንዴት ያቅተዋል?

አቃተው እንጂ። ደሞዙ እጄ ሳይገባ ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፣ ለማኅበር ይቆረጣል፣ ስሙን ለማላውቀው ነገር ይቆረጣል። የተረፈውን ጥርሴን ነክሼ አጠራቅሜ በሰኔ ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው ተባልኩ። ወይ ሰኔ! ተማሪ ሳለሁ ፈተና ሆኖ ያዘኝ፣ ሠራተኛ ስሆን በጀት ሆኖ ያዘኝ። ሐምሌ ሂድ፣ ነሐሴ ሂድ፣ ብትፈልግ መስከረምን ሙሉ ሂድ አሉኝ። ሰው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ በሬ ምን ሊሆን? አለቃዬን እቢሮው ገብቼ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ሰማኝ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ "አንተ፣ ለአንድ በሬ ብለህ ይህን ሁሉ ትራክተር ጥለህ ልትሄድ?" አለኝና ሳቀ። ደሜ ፈላ። ከቢሮው ስወጣ በሩን የዘጋሁበት አዘጋግ ለግምገማ አቀረበኝ።

በዓመቱ ያ ክፉ ድርቅ መጣ። ለበሬ ያጠራቀምኩትን ባገኘሁት የአገር ሰው እጅ ላክሁ፤ እህል ሆነ፣ ተበላ። ለሁለት ቤት እንዲከፈል ብዬ ነበር የላክሁት፣ እንዳልኩትም ተከፍሏል። በሕይወት ቆዩ፤ በዚህስ እንኳን ላክሁ። በሬው ግን እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

ዝናቡ የተመለሰ ዓመት ሰኔ ሲቃረብ ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ተከለከልኩ። በዚህኛው ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ከደሞዜ ቢቆርጡም ይቁረጡ፣ ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፣ የመጣው ይምጣ አልኩ። አባቴ ታሟል ብዬ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፣ ያለፈቃድ ሄድኩ። ወልድያ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጭቃ በያዘው መንገድ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ላሊበላ ገባሁ። የቅዳሜ ገበያው ድሮ የማውቀው አይደለም፤ ከብቱ በድርቁ አልቆ የተረፈው በሬ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። አልተከራከርኩም። ያለኝን ሁሉ አውጥቼ አንድ ቀይ በሬ ገዛሁና እየነዳሁ ወደ ገነተ ማርያም ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሄድኩበት መንገድ የለም። ኮሌጅ ስገባም እንዲያ አልሆንኩ፣ ስመረቅም አልሆንኩ። ለአያ የምላቸውን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ የጠየቁኝን ሰኔ ይዤ መጣሁ ልላቸው ነበር።

አባቴ ከሩቅ አይቶኝ ከደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል። ሳመኝ፣ በሬውን ጀርባውን ዳሰሰው፣ ጥሩ ነው አለኝ። እኔ ዓይኔ አጥር ማዶ ነው። የአያ በር በእሾህ ተዘግቷል። ደጃቸው ላይ ሣር በቅሏል።

አያ የት ናቸው አልኩት። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። የአያ በሬ ከድርቁ ተርፎ ነበር፤ ከዳገቱ በላይ ያለው ሰውዬ በሬ ግን ሞቷል። አያ አንድ በሬ ይዘው የሚቀናጁት አጡ። ማሳቸው ሳይታረስ ሲቀር የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መጥተው፣ ጥማድ የሌለው ሰው ለሰፈራ ይመዝገብ ብለው መዘገቧቸው። እሳቸውም እስከ ሰኔ ታገሱኝ ብለው ለመኑ፤ መቀናጆዬ እየመጣ ነው አሉ። ሰዎቹ ሳቁባቸው። በሬያቸውን ሸጡ፣ ባለቤታቸውን ይዘው በግንቦት ተጫኑ። ወለጋ ነው የሚል አለ፣ ኢሉባቦር ነው የሚልም አለ። እኔ የደረስኩት በሰኔ መጀመሪያ ነው።

ማንን ልሳደብ? አለቃዬን፣ በጀቱን፣ ማኅበሩን፣ ኮሌጁን፣ ሁሉንም በሆዴ ሰደብኩ፤ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። አባቴ ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ ቀንበሩን አወረደ፤ ያንኑ የሁለቱን የድሮ ቀንበር። አያ በሄዱበት ጠዋት አምጥተው የሰቀሉት ራሳቸው ናቸው።

"ልጁ ሲመጣ ስጠው ብሎኛል" አለኝ። "ለሰኔ ይመጣል፣ ቃሉን ሰጥቶኛል አለኝ።"

በማግስቱ ጠዋት አባቴ በሬውን ወደ ማሳው ነዳው። ተከተልኩት። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲያው ልማድ ይሆናል። ቀንበሩን አንገቱ ላይ ጣለበት። አንደኛው ጎን በሬው ላይ ተቀመጠ፣ ሌላኛው ጎን ተዘቅዝቆ መሬት ነካ። በሬው ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። አባቴ የወደቀውን ጎን በእጁ አንሥቶ ትንሽ ያዘው፣ አያ ወደነበሩበት ቤት አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንድ በሬ ምን ያደርጋል፣ ልጄ?" አለኝ።