ለዱር በግ የተያዘ ወረፋ

ባሌ በየዓመቱ ለአንድ ተራራማ የአሜሪካ ግዛት ገንዘብ ይከፍላል። እነሱም በምላሹ ምንም አይሰጡትም። እርግጥ እሱን ብትጠይቁት "ነጥብ ይሰጡኛል" ይላችኋል። ነጥቡ ግን አይበላ፣ አይለበስ፣ አይሸጥ፣ ለልጅም አይወረስ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ሌላ ነጥብ ይጨመርበታል፤ እሱም አይበላም። ያዋጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ሻይ ይጠጣና እነግረዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እዚያ አገር ቀንዱ ጆሮው ሥር ዞሮ የተጠቀለለ የዱር በግ አለ። ከተራራ አይወርድም፤ በጉ ጥቂት፣ አዳኙ ብዙ ነው። ስለዚህ መንግሥታቸው ዕጣ ያወጣል። ዕጣው ላልደረሰው ሰው አንድ ነጥብ ይያዝለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ነጥብ የበዛለት ይቀድማል። በዚያ ዓመት ማደን የማይመቸው ሰው ደግሞ ዕጣው ውስጥ ሳይገባ ነጥቡን ብቻ መግዛት ይችላል። በአጭሩ፣ ሰውየው ወረፋ ይገዛል። እኛ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ያለን ሰዎች ወረፋ የምንቆመው በነፃ ነው፤ ለስደተኛ ወረቀት እድሳት ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈ ሁሉ ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ባሌ ከአዳኝ ዘር አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ አለን፤ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የምትሸጥ የሰፈር ሱቅ ናት። እሱ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ በጠባቧ ቀዳዳ ዕቃ ያቀብላል። ተዘርፎ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ፍርግርጉ ድርብ ሆነ። እንቁላል የሚያመጣልን አንድ ነጭ ገበሬ ወዶት እርሻው ላይ ለአደን ጋበዘው። ባሌ ቢስሚላህ ብሎ አንዲት ሚዳቋ ጣለ፤ በነፍሷ ደርሶ አርዶ ስጋውን ለሰፈሩ አከፋፈለ። ለጥቂት ቀን ፊቱ ፈካ። ከዚያ ስልኩ ላይ ተራራ ማየት ጀመረ።

አንድ ቀን "ነጥብ ልገዛ ነው" ሲለኝ የሱፐርማርኬቱን ካርድ መስሎኝ "ለዘይት ይሁንልን" ብዬዋለሁ። ነገሩ የገባኝ፣ ማለትም በስህተት የገባኝ፣ ከዓመታት በኋላ ባንኩ ስልኩ ላይ መልእክት ሲልክ ነው። አሜሪካ፣ ማመልከቻ፣ ዕጣ። ከእኛ ሰው መካከል እነዚህን ቃላት አንድ ላይ ሰምቶ ስለ በግ የሚያስብ የለም። ዲቪ ነው። ዲቪ ከሆነ ደግሞ የእኔ ፎቶ የት አለ? ያገባ ሰው ሲሞላ የሚስቱን ፎቶ ያስገባል፤ እኔን ፎቶ ተነሺ ያለኝ የለም። በዚያው ሰሞን ከእኛ ፎቅ በታች የምትኖር ሴት ባሏ በብራዚል በኩል አሜሪካ ገብቶ፣ ከገባ በኋላ ስልክ ቁጥሩን ቀይሮባት ነበር። ፈራሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ በሳህኖቹ ላይ ተወጣሁት።

ጨንቆኝ ስጠይቀው "ለበግ ነው" አለኝ።

ሰው ሲዋሽ ቢያንስ የሚታመን ነገር ይናገራል። እሱ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ "ተራራ ላይ ነው የሚኖረው" ብሎ ቀጠለ። ይህን የሚለው ፎርድስበርግ ሄዶ እንደ ልቡ በግ መርጦ መግዛት በሚችልበት ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። በማግስቱ ሽማግሌ ጠራሁ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሐጂ ናቸው፤ ፎርድስበርግ የጅምላ መደብር ያላቸው፣ ግማሹን ሜይፌር ያስታረቁ፣ የቀረውን ግማሽ ለማስታረቅ ቀጠሮ የያዙ ሰው። ሁለተኛው የዕድራችን ጸሐፊ ነው፤ አብሯቸው እየዞረ "ልክ ነው" ይላል። እሑድ ከዓስር ሶላት በኋላ መጡ። ሻይና ሳምቡሳ አቀረብኩ። እዚሁ ጆሃንስበርግ የተወለደችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጃችን ላፕቶፗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ በየዓመቱ ማመልከቻውን የምትሞላለት እሷ መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ አሜሪካ መሄድ ነውር አይደለም። ነውሩ ሚስትን ትቶ መሙላት ነው። ለምንድን ነው ያልጨመርካት?"

"ሐጂ፣ ዲቪ አይደለም። ለበግ አደን ነው።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ለምኑ ነው ያለው?"

"ለበግ ነው የሚለው" አልኩ። "እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው።"

ሐጂ ሻያቸውን አስቀመጡ። "እሺ፤ ዕጣው ሲወጣልህ ቪዛ ይሰጡሃል?"

"አይሰጡም። ቪዛውን ለብቻ ነው የማመለክተው።"

"ቢከለክሉህስ?"

"አልሄድም።"

"የከፈልከውስ?"

"አይመልሱም።"

"ለመሆኑ ዕጣው መቼ ይደርስሃል?"

ባሌ ወደ ልጃችን ዞረ። ልጃችን መለሰችላቸው። "ሐጂ፣ ፕሮብሌሙ እሱ ነው። ባባ አንድ ነጥብ ሲጨምር ሌላውም ሰው ይጨምራል፤ የሚፈለገው ነጥብም አብሮ ከፍ ይላል። ላይክ፣ ሰው ታክሲ ሮጦ ሊይዝ ሲል ታክሲውም እየሄደ ነው። ኦኔስትሊ፣ ላይደርሰውም ይችላል።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አሉ ሐጂ።

"በግ ነው፣ ሐጂ" አለ ባሌ።

"ልክ ነው" አለ ጸሐፊው፤ ለማን እንዳለ ግን አልታወቀም።

ሐጂ ትዕግሥት አላቸው። "ልጄ፣ ለመሆኑ እዚህ አገር አውሬ ጠፋ? ያ የእንቁላሉ ሰውዬ እርሻ አለ አይደል? ያመጣኸውን ስጋ እኔም በልቻለሁ። ሐላል ነበር፤ ይጣፍጥም ነበር።"

ባሌ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ተናገረ። "ሐጂ፣ እርሻው አጥር አለው። ሰው ከፍሎ ይገባል፣ የከፈለበትን መትቶ ይወጣል፤ እንደ ሱቅ ነው። ሚዳቋዋ ሮጣ ሮጣ አጥሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች። ስትመለስ ነው የመታኋት። እኔ ቀኑን ሙሉ ብረት ውስጥ ነው የምቆመው። ሰው የማየው በቀዳዳ ነው፤ ግማሽ ፊት፣ አንድ እጅ። ያ በግ ያለበት ተራራ የታጠረ ነገር የለውም። በጉን ባላገኘውም ግድ የለኝም፤ አንድ ቀን እዚያ ቆሜ ዙሪያዬን ማየት ነው የምፈልገው። ሱቅ ስዘጋ እሱን አስባለሁ። ነጥቡ ለዚያ ነው።"

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስለ ፍርግርጉ አንድም ቀን አማርሮልኝ አያውቅም። አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ያ ተራራ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ እኔ የትም የለሁም። ስለዚህ እኔም ተናገርኩ። "ሐጂ፣ ገንዘቡ አይደለም የከነከነኝ። ሰው ሁሉ እየሄደ ነው። የእኔም ባል በየቀኑ በሐሳቡ የሚሄድበት አገር አለው፤ እዚያ ደግሞ እኔ የለሁበትም።"

ሐጂ ሳምቡሳቸውን ጨርሰው፣ ጣታቸውን በሶፍት ጠርገው ፈረዱ። "ነጥብ መግዛቱ ብልህነት አይደለም፤ ጥፋትም አይደለም። ጥፋቱ ብቻውን ማድረጉ ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ በጋራ ማመልከት ይቻላል?"

ልጃችን ስክሪኑን አየች። "ይቻላል። ሁለት ሰው እንደ አንድ ቡድን። ግን..."

"በቃ!" አሉ ሐጂ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። በግማ እንዴት ያቅተዋል?"

"ልክ ነው" አለ ጸሐፊው።

"ባባ" አለች ልጃችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አር ዩ ሹር?"

ባሌ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። "ጨምሪያት" አለ።

ዱዓ ተደርጎ ተለያየን። እኔም አዳኝ ሆንኩ። የጠመንጃ አያያዝ ትምህርቱን በኢንተርኔት ወሰድኩ፤ ከባሌ የበለጠ ውጤት አመጣሁ፤ ይህን ሳልነግረው የሸኘሁት እንግዳ የለም። በዚያ ዓመት ዕጣው አልደረሰንም። ለእኔም አንድ ነጥብ ተያዘልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የማይረባ ነገር አግኝቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ማታ አብረን ተራራ እናይ ጀመር፤ እሱ በጉን ይፈልጋል፣ እኔ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ምን ለብሶ እንደሚሄድ አያለሁ።

አዲሱ ማመልከቻ ሊከፈት ሲል ከልጄ ጋር ልብስ እያጠፍን "ዘንድሮ ሁለት ስለሆንን ቶሎ ይደርሰናል" አልኳት።

ልጄ ፎጣውን አስቀመጠች። "ማማ፣ ሲሪየስሊ? ማንም አልነገረሽም?"

ሐጂ ያቋረጧትን "ግን" ያኔ ጨረሰችው። በቡድን ሲያመለክቱ ነጥብ ተደምሮ ለሰዉ ቁጥር ይካፈላል። ባሌ ለዓመታት ያጠራቀመው ላይ የእኔ ባዶ ሲገባበት ግማሹ ሄደ። ከኋላው ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ጥሎን አልፏል። ብቻውን ቢያመለክት ግን ሙሉው ነጥቡ እንዳለ ይቆጠርለታል።

"ባባ ይህን ያውቃል?" አልኳት።

"ሩሉን ያሳየኝ እሱ ነው።"

በማግስቱ ካትሌሆንግ ወረድኩ። በኋላ በር ገብቼ አጠገቡ ቆምኩ። አንዲት ባልቴት ዳቦ እየገዙ ነበር፤ ከቀዳዳው የሚታየው እጃቸው ብቻ ነው። "ሳውቦና፣ ጎጎ" ብሎ በቋንቋቸው ሰላምታ እየሰጠ መልስ ይቆጥርላቸዋል።

"ለምን ለሐጂ አልነገርካቸውም?" አልኩት።

"ምኑን?"

"እኔ ስገባ ነጥብህ ግማሽ እንደሚሆን።"

"ምን ልበላቸው? ሚስቴ ስትጨመር ወረፋዬ ይረዝማል ልበላቸው?"

አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። "ዘንድሮ አውጣኝ" አልኩት። "ልጅህ ነግራኛለች፤ ብቻህን ብትሞላ ሙሉው ይቆጠርልሃል። ሂድና ዙሪያህን እይ። እኔ አልቀየምም።" እውነቴን ነበር። ሲመለስ ይነግረኛል ብዬ ነው።

ባልቴቷ ሄደው ሌላ እጅ በቀዳዳው ገባ። ባሌ ዳቦ አነሣ።

"ካላወጣኸኝ ወረፋው ይረዝማል እኮ" አልኩት።

"ይርዘም" አለ፤ ዳቦውን እያቀበለ ነበርና ወደ እኔ አልዞረም።

ሰውየው ወተትም ጠየቀ። ወተቱ በእኔ በኩል ስለነበር እኔ አቀበልኩት።