እማዬና የጸዳው ክፍሌ

እማዬ ዛሬ ሲኤምሲ ያለውን አዲሱን ቤቴን ልታይ መጥታ፣ የሥዕል ክፍሌ በር ላይ ቆማ ቀረች።

ለእሷ ብዬ ጠዋቱን ሙሉ ሳጸዳ ነበር። ብሩሹ ታጥቧል፣ ቀለሙ ተደርድሯል፣ ወለሉ ያበራል።

"ምነው ልጄ፣ ሥዕሉን ተውከው እንዴ?" አለችኝ ደንግጣ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ሃያ ሁለት ሰፈር የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ያለንን አንድ ሳሎን ለሥዕል ለቀቀችልኝ። ዳንቴል የለበሰው ሶፋ ላይ ሸራ፣ ብፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቿ ጋር የቀለም ቱቦ። እንግዳዋን ወስዳ መኝታ ቤት፣ አልጋዋ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሳሎን የእንግዳ ነው በሚባልበት አገር!

አንዴ ጎረቤታችን ጋሽ ታፈሰ ሳያዩ ሶፋው ላይ ተቀመጡና ነጭ ጋቢያቸው ሰማያዊ ሆነ። እማዬ ጮኸች፦ "ውይ ጋሽ ታፈሰ፣ ሥዕሉን አበላሹበት!"

(ለጋቢው ያዘነለት ሰው አልነበረም።)

ዛሬም ገባችና የደረደርኩትን ቀለም በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። "በል፣ አሁን ሥራ" ብላ በሩን ዘግታብኝ ወጣች።

ከበሩ ማዶ ልጆቼን "ቀስ በሉ፣ አባታችሁ ሥራ ላይ ነው" ስትላቸው ሰማኋት።

ለእናንተስ ሳሎኑን የለቀቀላችሁ ማነው?