እሱ እያለ የማይጨሰው ምድጃ

በሰፈሩ «የምድጃ ሐኪም» ይሉታል። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ አሸንዳ ሲያጥፍ፣ ቱቦ ሲቀጥል፣ የተሰነጠቀ ምድጃ ሲበይድ ነው ዕድሜውን የገፋው። ሰው ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ አፍንጫውን ነፋ ነፋ ያደርግና «እንጨታችሁ አልደረቀም» ወይም «ቱቦው ጥላሸት ጠግቧል» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። የገዛ ቤቱ ምድጃ ግን ይጨስበታል።

የገዛ ቤቱ ከተባለ ነው እንግዲህ። ቤቱ የሚስቱ ነው። ምድጃውን የተከለው ደግሞ የቀድሞ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹፌር የነበረው። ትልቅ የብረት ምድጃ ነው፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ እንደ አባወራ ተጎልቷል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጭሱን ቤት ውስጥ ይተፋዋል። ያኔ ሚስቱ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች፣

«እሱ እያለ እኮ አይጨስም ነበር» ትላለች።

ክፋት የላትም፤ አፏ ላይ ስለመጣ ነው። እሱን ግን አንጀቱን ታሳርረዋለች። የእንጀራ ልጁ ሟቹን «አባዬ»፣ እሱን «ጋሼ» ማለቷን ችሎታል። የሟቹ ካፖርት ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ መቅረቱንም ችሎታል። በሙያው ሲመጡበት ግን አልቻለም። ከሞተ ሰው ጋር በምን ይጣላል? ሊረታው የሚችለው በዚህ ምድጃ ብቻ ነው። ያቺን ቃል ከቤቱ ማስወጣት አለበት።

አንድ እሁድ ጠዋት እጅጌውን ሰበሰበ። አመዱን ጠርጎ ደረቅ እንጨት አመጣ። የምድጃውን በር የጋዜጣ ቁራጭ አስነክሶ ዘጋና ወረቀቱን ሳብ አደረገው፤ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«ይኸው! በሩ አይገጥምም።»

በበሩ ዙሪያ ያለውን፣ ክፍተቱን የሚያሽገውን ያረጀ የእሳት ገመድ ፈልቅቆ አዲስ ለጠፈበት። ቱቦውን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀው፤ ጥላሸቱን በባልዲ አወጣ። መልሶ ገጠመው፤ ለኮሰው። ነፋሱ መጣ፤ ምድጃው ጭሱን ፊቱ ላይ ሳለበት።

«ጋሼ፣ የሚሰማው አባዬን ብቻ ሳይሆን አይቀርም» አለች ለአቅመ ማሾፍ የደረሰችው ልጅ፣ ሳቋን እያፈነች።

«አንቺ ደግሞ! እንዳልመጣልሽ!»

ቀልድ አስመሰለው። መሰላል አቁሞ ጣራው ላይ ወጣ። ነገሩን ያየው እዚያ ነው። የቱቦው አፍ ከጣራው አናት በታች ቀርቷል፤ ነፋስ ጣራውን ተሻግሮ ሲወርድ ጭሱን መልሶ ለቱቦው ያጎርሰዋል። ከተተከለ ጀምሮ አጭር ነበር ማለት ነው። ያኔም ይጨስ ነበር ማለት ነው! ሹፌሩ ተሳስቷል! ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ ብቻውን ፈገግ አለ። በሞተ ሰው ስህተት መደሰቱ ራሱን አሳፈረው፤ ፈገግታው ግን አልጠፋ አለው።

እስከ አመሻሽ ቱቦውን ቀጠለ፣ ቆብ ደፋለት፣ ቱቦውን ከውስጥ ለሚከፍተውና ለሚዘጋው ማፈኛም አዲስ እጀታ አበጀለት። ነፋሱ ውጭ እያፏጨ እሳቱ ቀጥ ብሎ ነደደ። ጭስ የሚባል የለም።

«ያኔም ይጨስ ነበር» አለ እጁን እየታጠበ፣ እንደ ዋዛ። «ቱቦው ድሮም አጭር ነው።»

ሚስቱ ወደ እሳቱ ጠጋ አለች።

«ውይ፣ እውነትህን ነው» አለች። «ለካ ይጨስ ነበር! ሲጨስ እኮ እሱ በሩን በርግዶ፣ ብርድ ልብስ አከናንቦ ደጃፍ ያስቀምጠን ነበር። እያሳልን ስንስቅ! እንዴት ረሳሁት?»

ፊቷ በርቷል። እንዲያ ሲበራ አይቶት አያውቅም።

በማግስቱ ነፋሱ ሲነሣ እሷ ልብስ ታጥፋለች። ወደ ቱቦው ጠጋ አለና ማፈኛውን ዘወር አደረገው። ጭሱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ውጡ፣ ውጡ!» ብሎ በሩን በረገደው፤ ብርድ ልብሱን ታቅፎ ደጃፍ ቆመ።

እናትና ልጅ እያሳሉ ወጡ። ሚስቱ ብርድ ልብሱን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ያጠብኩት ልብስ ሁሉ ጭስ ጭስ ሊል ነው!»

«ነፋሱ ነው።»

«እጅህ ላይ ያለው ጥላሸትስ? እሱም ነፋሱ ነው? ግባና ክፈተው!»

ብርድ ልብሱን ከእጁ ነጠቀችው። ገብቶ ማፈኛውን ከፈተው፤ ጭሱ በቱቦው ተጎትቶ ሄደ። በመስኮቱ ሲመለከት ሁለቱ አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ እናቷ ጆሮ ሥር አንድ ነገር አለች፤ እናትየው እያሳለች ፍርስ ብላ ሳቀች።

«ግቡ እንጂ! ጭሱ ወጥቷል እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ፣ ትንሽ እንቆይ» አለች ሚስቱ፣ ዞር ሳትል።