ወደ አዳማ የተጓዘው ጸሐፊ

ተክለብርሃን በሃምሳ ሦስት ዓመት ዕድሜው አሳምሮ የሚያውቃቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው መጻፍ፣ ሁለተኛው የየካ ጮራን የእግር ኳስ ቡድን መደገፍ። ጉርድ ሾላ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግሏል። ሚስቱ ሞታ ልጆቹም በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ቤተሰብ የሚለው፣ በየሳምንቱ እሁድ እንጦጦ ግርጌ ባለችው ሜዳ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አብሮት የሚጮኸውን ሕዝብ ነበር። የደጋፊዎች ማኅበር ጸሐፊ አድርገው የመረጡትም ፊደሉ የተስተካከለ፣ ዐረፍተ ነገሩም የማይንገዳገድ ስለ ሆነ ነው። «ጋሽ ተክሌ ከጻፉት አለቀ» ይባል ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሚያዝያ ወር አንድ እሁድ፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አንሥቶ የየካ ጮራን ግብ በሻረ ጊዜ፣ እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘውን የሃይላንድ ጠርሙስ ከዳገቱ ላይ የወረወረው። እጁ መቼ እንደ ተነሣ እሱ ራሱ አላወቀም። ጠርሙሱ የመስመር ዳኛውን ማጅራቱ ላይ አገኘው፤ ዳኛው ተንበረከከ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከቡድኑ ላይ ሦስት ነጥብ ቀነሰ።

ደጋፊው ጥፋተኛ ፈለገ፤ ለማግኘትም አልዘገየም። በዚያ ዕለት ከተክለብርሃን ጎን ቆሞ የነበረው ሰላሙ ነው። ሰላሙ ካራ ላይ የጎሚስታ ሥራ የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ፣ ዳኛ በመሳደብ የታወቀ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። አንዱ «ከሰላሙ በኩል ነው የመጣው» አለ፤ ሁለተኛው «እኔም አይቻለሁ» አለ፤ ሦስተኛው መሐላ ጨመረበት። ሰላሙ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ቢምል ማን ይስማው? ማኅበሩ ሲያባርረው ደብዳቤውን የጻፈው ጸሐፊው ተክለብርሃን ነበር። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድ የተጣመመ ፊደል አልነበረም። ሐሰት በንጹሕ ጽሑፍ ሲሰፍር ከተራ ውሸት ይልቅ ይከፋል፤ አንባቢው የጽሑፉን ንጽሕና አይቶ ነገሩንም ያምናልና።

የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ በሰኔ መጀመሪያ አዳማ ላይ ዋለ። የካ ጮራ ካሸነፈ ይተርፋል፤ አቻ ከወጣ ወይም ከተሸነፈ ይወርዳል። ቡድኑን በገንዘብ የሚደግፈው ባለሀብት ደግሞ «ከወረዳችሁ እጄን አነሣለሁ» ብሎ ነበርና፣ መውረድ ማለት መፍረስ ማለት ነበር።

እሁድ ማለዳ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ኮተቤ አስፋልት ዳር ቆሞ ደጋፊውን ሲጭን፣ ሰላሙ አረንጓዴ ማልያውን ለብሶ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። መሳፈር ተከልክሏል፤ መቆም ግን አልተከለከለም።

«ያ ሰውዬ ደግሞ ምን ቀረኝ ብሎ ነው?» አለ ከበሮ መቺው ጅሬኛ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ።

«መንገዱ የአባትህ አይደለም፤ ተወው» አሉት የማኅበሩ ሊቀ መንበር እትዬ አፀደ።

«እሺ እትዬ። ግን ዛሬ ሁሉም ሰው ውሃውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይግባ። በእጅ መያዝ አልበጀንም።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ተክለብርሃንም ከሌሎቹ ጋር ሳቀ፤ ከሳቀም በኋላ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ቀና አላለም።

ፈጣኑ መንገድ ላይ ሲወጡ ዘፈኑ ደመቀ። በዚያ ጫጫታ መካከል ተክለብርሃን ለራሱ ቃል ገባ፤ ዛሬ ካሸነፍን፣ ስንመለስ ብድግ ብዬ እውነቱን እናገራለሁ አለ። ደስ ያለው ሰው ለይቅርታ እንደሚፈጥን አስቦ ነው። የሰላሙ ስም እንዲጸዳ የአንድ አጥቂ እግር መቅናት እንደሌለበት ግን አላሰበም፤ ወይም ማሰቡን አልወደደም።

በጨዋታው ሠላሳ ስምንተኛ ደቂቃ የካ ጮራ ከማዕዘን በተሻገረች ኳስ ግብ አገባ። ጅሬኛ ከበሮውን ሊቀድደው ደረሰ። እትዬ አፀደ ነጠላቸውን እያውለበለቡ አለቀሱ። ተክለብርሃን ግን አልጮኸም፤ በልቡ የሚናገረውን ቃል እየደረደረ ነበር። «ወገኖቼ፣ ያንን ጠርሙስ…» ብሎ ይጀምራል፤ ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል። እንዲህ እያለ እስከ ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ቆየ። በዚያች ደቂቃ ተከላካያቸው ሊያርቃት የመታት ኳስ የራሱን ጓደኛ ጉልበት ነክታ ወደ ኋላ ተመለሰችና መረቡ ውስጥ ገባች። አንድ ለአንድ። ፊሽካው ሲነፋ ተጫዋቾቹ በየቆሙበት ተቀመጡ። ከማዶ ያለው የባለሜዳው ደጋፊ «ጮራዋ ጠለቀች፣ ፋኖስ አምጡላቸው» እያለ ዘፈነ።

በመልሱ ጉዞ ማንም አልዘፈነም። ቢሾፍቱን ሲያልፉ ጅሬኛ ድንገት ተናገረ።

«ያቺ ሦስት ነጥብ ባትቀነስ በአቻም እንተርፍ ነበር። ገባችሁ? በአቻ!»

«ያወረደን ሰላሙ ነው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ታዲያ በካራ በኩል እንለፍና ሰላም እንበለው» አለ ጅሬኛ፤ አነጋገሩ የሰላምታ አልነበረም። ሁለት ሦስት ሰዎችም «እንለፍ» አሉ።

«ማንም ማንም ደጅ አይሄድም» አሉ እትዬ አፀደ፤ ከዚያም ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው «ተክሌ፣ አንተ ቃል አይቸግርህም። እስቲ የሚያበርዳቸው ነገር ተናገር» አሉት።

ተክለብርሃን የወንበሩን ብረት ይዞ ተነሣ። ቡድናቸው አላሸነፈም፤ ስለዚህ ቃሉ እንደማያስረው አስቦ ነበር። ቢሆንም ሰዓቱ በፊቱ ቆሟል፤ የሚሰማውም ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ አዙሯል።

«የሆነው ሆኗል» አለ በመጨረሻ። «ሰላሙም ቅጣቱን ተቀብሏል። ይቅር እንበለውና እንተወው።»

«እግዜር ያክብርዎ፣ ጋሽ ተክሌ» አለ ከኋላ ያው ድምፅ። እትዬ አፀደም «ሰው ማለት ይህ ነው» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የራሱን ጥፋት በሰው ስም ይቅር ያለ ሰው እንዲህ ሲመሰገን መስማት ለጆሮ ይከብዳል፤ ተክለብርሃን ግን ሰምቶ ተቀመጠ።

ሰኞ ባለሀብቱ እጁን አነሣ። ማክሰኞ እትዬ አፀደ የማኅበሩን በር ቆለፉ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ተክለብርሃን ታክሲ ተሳፍሮ ካራ ወረደ። ሰላሙ ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አየር የሚያስወጣውን ቀዳዳ ለማየት አጎንብሶ ነበር።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ» ብሎ አሮጌ ጎማ ሳበለት። «አውቶቡስ ውስጥ የተናገሩልኝን ሰማሁ። ጅሬኛ ሊሰድበኝ መጥቶ ነገረኝ።»

«ሰላሙ፣ የመጣሁት ስለዚያ ጠርሙስ…»

«ይተዉት ጋሼ። እኔም ስለሱ ሳስብ ነው የከረምኩት። መጀመሪያ አልወረወርኩም ብዬ እምል ነበር። ኋላ ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ ደግሞ ዝም ብለው አይጽፉም። ስናደድ የማደርገውን አላውቀውም፤ ሚስቴም ሁልጊዜ የምትለኝ ይህንኑ ነው።» እጁን ከውሃው አወጣ። «ወርውሬው መሆን አለበት።»

ተክለብርሃን አፉን ከፈተ። ሁለት ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ሰላሙ በአክብሮት፣ ዐይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል።

«ሁላችንም ስንናደድ እንሳሳታለን» አለው ተክለብርሃን።

ሰላሙ እጁን በጨርቅ አደራረቀና በሁለት እጁ ጨበጠው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀና ብሎም አያየኝም ነበር።»