አልቀመጥም ያልኩበት እሑድ፦ ከዳንግላ እስከ ዘንገና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ዳንግላ

ሾፌሩ «አሁን እንነሣለን» ካለን ወዲህ ዶሮ ሁለት ጊዜ ጮኋል። የተጫነው በርበሬ ነው፤ ከበርበሬው ላይ ደግሞ እኛ ተጭነናል። ዋጋው እስከ እንጅባራ አንድ ብር ከስሙኒ፣ ጋቢና ለሚቀመጥ ሁለት ብር ነው። ጋቢናውን ግን አንድ ቄስ ከነጥላቸው ይዘውታል።

«አንተ ላይ ውጣ፤ አገር የሚታየው ከላይ ነው» አለኝ ሾፌሩ።

አገር ለማየት መምጣቴን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እውነቱን ግን ነው። የጋዜጣችን አለቃ ጠርቶኝ «አገው ምድር ሂድ፤ ትንሽ፣ ተራራማ አገር ናት። ሐይቅ አላት፣ ታሪካዊ ቤት አላት። ያነበበ ሁሉ ልሂድ ልሂድ እንዲል አድርገህ ጻፍ። እንዳለፈው ስለ ምግብ ብቻ ጽፈህ እንዳትመጣ» ብሎ ልኮኛል።

ታሪካዊውን ቤት ትናንት አየሁ። ትልልቅ ዛፎች መካከል ያለ፣ ድሮ የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀምጦበት የነበረ ግቢ ነው። ያስጎበኙኝ ሽማግሌ የድንጋዩን መሠረት በከዘራቸው እየነኩ «ፈረንጁ እዚህ እየኖረ ወንዝ ሲለካ ይውል ነበር» አሉኝ። ለምን ይለካ እንደነበር ብጠይቃቸው «እኛም ጠይቀነው ነበር፤ ለንጉሤ ነው አለን። ንጉሡ የራሱ ወንዝ የለውም እንዴ?» አሉ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ግቢው ሰፊ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ አዲስ ቅዳም

ገበያው ደርቷል። ሾፌሩ «ለአንድ አፍታ ብቻ» ብሎ ከወረደ ወዲህ አልታየም። ቅቤ በቅል፣ ማር በእንስራ፣ ድንች በክምር፣ የቀርቀሃ ቅርጫት ተደራርቦ ከሰው ቁመት በላይ። ግማሹ ሰው በአገውኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይከራከራል፤ ዋጋው ላይ ሲደርሱ ሁሉም በጣት ይነጋገራሉ። በአምስት ሳንቲም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ በላሁ፣ ደግሜም ገዛሁ። ይህን ለአለቃዬ አትንገሩብኝ።

ከአያ ዳምጤ ጋር የተዋወቅነው እዚህ ነው። አርባ አምስት ዓመት ያህል የሚሆናቸው፣ ረጅም፣ እግራቸው ፈረስ ከማዘውተር ብዛት ትንሽ የጎበጠ የእንጅባራ ገበሬ ናቸው። አዲስ ቀይ ግላስ፣ ያ ኮርቻ የሚለብሰው ባለ ጥልፍ ጨርቅ፣ በትከሻቸው ጥለው ከጎኔ ወጡ።

«ምነው በመኪና? ፈረሰኛ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ፈረሴን ለገበያ ግርግር አላወጣውም። አንተስ ፈረስ ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዕድሜዬ የተቀመጥኩት አንዲት በቅሎ ላይ ብቻ ነው፤ እሷም መንገዱን ሳንጀምር ወደ ቤቷ መልሳኛለች። ነገር ግን በአገው ምድር፣ ፈረሰኛ አጠገብ ተቀምጦ «አላውቅም» ማለት እንዴት ይሆናል?

«ከልጅነቴ ጀምሮ!» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«እንግዲያስ ነገ ዘንገናን በኔ ዳማ ፈረስ ታያታለህ። ማደሪያህም እኔ ቤት ነው» አሉ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ።

መኪናው ተነሥቶ ዳገቱን ሲይዝ አያ ዳምጤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ «አንድ ሰው» አጫወቱኝ። ሰውዬው ሚስቱ ከሞተችበት አራት ዓመት ሆኖታል። ከዘንገና ወዲያ፣ ከመኪናው መንገድ ከፍ ብሎ፣ ያለምወርቅ የምትባል ባሏ የሞተባት ወይዘሮ አለች። ሰውዬው ሁለት ዓመት ሙሉ በደጇ ያልፋል፤ ፈረሱን ያቆማል፣ አጥሩን ያያል፣ ይሄዳል።

«ለምን ሽማግሌ አይልክም?»

«እምቢ ብትለውስ? በጥር ጊዮርጊስ ያገሩ ፈረሰኛ ሁሉ ሲሰበሰብ በየት በኩል ይጋልባል? ‹ያ እምቢ የተባለው መጣ› ሊባል እኮ ነው! ከዚያስ ፈረሱን ሸጦ አህያ ቢገዛ ይሻለዋል።»

«ሰውዬው እርስዎ ነዎት?»

«ዝም በል! ሰው ይሰማል» አሉኝ። በአጠገባችን የነበሩት ሦስት የታሰሩ ዶሮዎች ናቸው።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፤ እንጅባራ

እንጅባራ ብርድ ናት። ጉሙ ቀርቀሃው ላይ እንደተኛ ረፋድ ይሆናል፤ ሰው ሲያወራ ትንፋሹ ይታያል። ቁርሳችን ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ ነበር። ይኸው ደግሞ ስለ ምግብ ጻፍኩ።

አያ ዳምጤ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ ጀምሮ ዳማውን ሲያስጌጡ ነበር። አዲሱ ግላስ ተነጥፎለታል፤ የልጓሙ ነሐስ በዐመድ ተወልውሎ ያበራል። ሐይቅ ለማየት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብዬ ሳስብ ወደ እኔ ዞሩ። ጥቁር በርኖሳቸውን አውልቀው «ይበርድሃል» ብለው አለበሱኝ። ቀጥለው «ዝንብ አለ» ብለው ጭራ አስያዙኝ። በዚያ ብርድ አንድም ዝንብ አላየሁም።

«አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ» አሉኝ። «ፈረሱ አማርኛ አይሰማም፤ ያሳደግሁት በአገውኛ ነው። ከቆመም አታስገድደው። የሚቆምበትን እሱ ያውቃል።»

እሑድ፣ አምስት ሰዓት፤ ዘንገና

ኮርቻው ከእንጨት የተሠራ መሆኑን ያወቅሁት ገና የመጀመሪያውን ቁልቁለት ሳንጨርስ ነው። ከሁለተኛው ቁልቁለት በኋላ እርካቡ ላይ ቆሜ ሄድኩ። ያገኘኝ ሁሉ ግን ከፈረሱ ፊት ዞር ብሎ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። ጋዜጣችን እስከዚህ ድረስ ይነበባል ለካ ብዬ ኮራሁ።

ዘንገና ድንገት ናት። በዛፎች መካከል ስትሄድ ቆይተህ መሬቱ ያልቅና ከታች ክብ ውሃ ታያለህ፤ ዳርና ዳሩን ደን ከቦታል፣ ወንዝ አይገባባት፣ ወንዝ አይወጣላት። ከብት ሊያጠጡ የመጡ አንድ ገበሬ «መጨረሻ የላትም» አሉኝ።

«ማን ለካት?»

«ማንም። መጨረሻ ቢኖራት ኖሮ ይለኳት ነበር።»

ዳር ቆሜ ብዙ ጊዜ አየኋት። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬም ብዛት አጠገቤ «አየሽ?» የምላት ሰው ባለመኖሯ ከፋኝ፤ አያ ዳምጤም ትዝ አሉኝ። ይህን ሳስብ አንዲት ጦጣ ከኪሴ የትናንት ድንቼን ወስዳ ዛፍ ላይ ወጣች። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሂድና እያት፤ ኪስህን ግን ቆልፍ።

ተመልሼ ስወጣ ችግሩ ለየለት። መቀመጫዬ ተልጧል። ወደ እንጅባራ ልመለስ ብዬ ልጓሙን ወደ ግራ ብስብ፣ ብለምን፣ ብቆጣ፣ ዳማው በአማርኛ የተባለውን ሁሉ ንቆ ዳገቱን ተያያዘው።

እሑድ፣ ሰባት ሰዓት፤ አንድ የቀርቀሃ አጥር

ፈረሱ ደጁ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። እኔም ወረድኩ ከማለት ወደቅሁ ብል ይቀላል። ከግቢው አንድ ሽበታም ሰው ወጡ፤ መጀመሪያ ፈረሱን፣ ቀጥሎ ግላሱን፣ ቀጥሎ በርኖሱን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። አያ ቸኮል እንደሚባሉና ቤቱ የእኅታቸው መሆኑን ነግረው አስገቡኝ። መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልኝ።

«አረፍ ይበሉ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ኧረ በማርያም ይቀመጡ!»

«አልቀመጥም!» አልኩ። ድምፄን ያጠነከረው ሕመሙ ነው።

የአያ ቸኮል ፊት ተለወጠ። ጋቢያቸውን አስተካክለው እሳቸውም ተነሥተው ቆሙ። ወደ ጓዳ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከጓዳ ይሰማ የነበረው የዕቃ ድምፅ ጸጥ አለ።

«ስለማን እንደቆሙ ፈረሱ ነግሮናል» አሉኝ። «ግን ሽማግሌ ብቻውን ይመጣል እንዴ? የአዲስ አበባ ደንብ እንዲህ ሆነ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለጋብቻ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ «ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም» ብሎ እንደሚቆም ያገራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔም በርኖስ ለብሼ፣ ጭራ ይዤ፣ በአያ ዳምጤ ፈረስ መጥቼ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት መካከል ቆሜ አልቀመጥም እላለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው።

«የመጣሁት ሐይቅ ላይ ነው» ብል ሴትዮዋን በገዛ ቤታቸው ማዋረድ ይሆናል። «አዎ» ብዬ እምቢ ቢሉ ደግሞ የአያ ዳምጤ ጥር ጊዮርጊስ እዚሁ አበቃ፤ አበላሽቼው የምሄደው እኔ ነኝ። እውነት እላችኋለሁ ፈራሁ፤ በዚያ ብርድ በርኖሱ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ።

«ስለ አያ ዳምጤ ነው የቆምኩት» አልኩ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ፈረሱን ከራሱ አብልጦ የሚያለብስ ሰው ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አያ ቸኮል።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ወይዘሮ ያለምወርቅ ወጡ። አርባ ያልሞላቸው፣ ዓይናቸው ሰው የሚመዝን ሴት ናቸው።

«አያ ቸኮል፣ እኔ ልናገር» አሉ። «ይህ ፈረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄ ቆሞ ሲሄድ አያለሁ። በክረምት ቆሟል፣ በበጋ ቆሟል። ፈረሱስ ደፋር ነው፤ የፈራው ባለቤቱ ነው።»

«የፈሩት እምቢታን ነው» አልኩ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። እኔ ዛሬ እሺም እምቢም አልልም። ፈረሱ እዚህ ይቀራል። ከፈለገው ራሱ መጥቶ ይውሰደው፤ በእግሩ።»

አያ ቸኮል አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። የአገው ፈረሰኛን በእግርህ ና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከፊታቸው ተረዳሁ።

«አሁንስ ይቀመጡ» አሉኝ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«አልችልም።»

አቋቋሜን፣ ቀጥሎ ደጅ የቆመውን ፈረስ የእንጨት ኮርቻ አዩ። ሳቃቸው ሲመጣ መጋረጃውን ያዙ።

«እና ሽማግሌ አልነበሩም?»

«እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ አልነበርኩም።»

ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝና «ይህ የሚበላ አይደለም» አሉኝ። ለአለቃዬ በኩራት የምነግረው ብቸኛው ያልበላሁት ቅቤ ይህ ነው።

እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፤ እንጅባራ

እግሬን አንፈራጥጬ በእግሬ ተመለስኩ። አያ ዳምጤ ከደጃቸው ወጥተው መንገዱ ላይ ቆመዋል። በርኖሱን ያለ ፈረስ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ፈረሴስ?»

«ወይዘሮ ያለምወርቅ ዘንድ ቀርቷል።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«እምቢ አላለችም?»

«አላሉም።»

«እሺስ?»

«እሱንም አላሉም። በእግሩ ይምጣ ነው ያሉት።»

«በእግሬ! ያገር ሰው እያየኝ?» ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተቀመጡ።

«አያ ዳምጤ፣ በርኖሱ ለብርድ ነበር?» አልኳቸው።

«ይበርዳል እኮ።»

«ጭራውስ?»

መሬት መሬት አዩ። «እምቢ ብትል ኖሮ» አሉ፣ «አንድ ያበደ የአዲስ አበባ ሰው ፈረሴን ይዞ ያልላክሁትን ቀላመደ ልል ነበር። ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

ልቆጣ አሰብኩ። ግን «ከልጅነቴ ጀምሮ» ያልኩት ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ሰኞ፣ ንጋት፤ ወደ አዲስ አበባ

ስነሣ የአያ ዳምጤ መኝታ ባዶ ነው። በርኖሱ ከተሰቀለበት የለም፤ ጭራው ግን እዚያው ተንጠልጥሏል።

ዛሬ የተሳፈርኩበት መኪና የጫነው ገብስ ነው፤ እንደ በርበሬው አያስነጥስም። ሰው ሁሉ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። እኔ ብረቱን ይዤ ቆሜአለሁ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንተ፣ ትወድቃለህ! ቁጭ በል!» ይላል።

«ጉዳዩ ሳያልቅ አልቀመጥም» አልኩት።

ከዘንገና አለፍ ብሎ ወንዝ ዳር ለሞተሩ ውሃ ሊቀዳ ቆመ። እኔ ወደ ላይ አየሁ። ጉሙ ትንሽ ከፈት ብሏል፤ የቀርቀሃው አጥር ይታያል፣ ዳማው አንገቱን ከአጥሩ በላይ አውጥቷል። ግቢው መካከል በርኖስ የለበሱ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑ ረጅም ሰው ቆመዋል። አያ ቸኮል ወደ አንድ ግንድ በእጃቸው ያመለክታሉ፤ ሰውዬው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንደገና ያመለክታሉ፤ እንደገና ይነቀንቃሉ።

ሾፌሩ ውሃውን ሞልቶ ገባ። «ትንሽ ቆይ፣ በእግዚአብሔር!» አልኩት። ሞተሩን አስነሣ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ያለምወርቅ ከቤት ወጡ። መጥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ፤ ያሉት ከሩቅ አይሰማም፣ አጭር ነበር። አያ ዳምጤ በርኖሳቸውን ሰበሰቡና ግንዱ ላይ ተቀመጡ።

እኔም ከደስታዬ ብዛት ቁስሌን ረስቼ ጆንያው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ዘንገና ዳር ጩኸት የሰማችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ የኔ ነበር።