የእሷን እግር የለመደው ካምቢዮ

ሰፈራችን ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። "ዝም በሉ" ነው የምንለው። ኮፈን ከፍቶ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል ሲያደርግ፣ የመኪናው ባለቤትም ይሁን መንገደኛ የሚያወራ ሰው ካለ "ዝም በሉ" ይላል። ከዚያ ውጭ ብዙም አይናገርም። ሥራው የመኪና ኮምፒውተር ማስተካከል ነው፤ ጉልበት አነሰኝ ያለውን መኪና ጉልበት ይጨምርለታል። እኔ ከጋራዡ ፊት ለፊት ጎማ እጠግናለሁ። ስለዚህ ፈለግኩም አልፈለግኩም የሱን ኑሮ ሳይ ነው የኖርኩት።

ይህ ሰው መንዳት እየቻለ አይነዳም። የደንበኛ መኪና ሲሞክር እንኳ ደንበኛውን መሪ ላይ አስቀምጦ፣ እሱ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከጎን ይቀመጣል። የገዛ መኪናውንም የምትነዳው ሚስቱ ነበረች። "አንተ ስትነዳ ሞተሩን ነው የምትሰማው፣ መንገዱን አታይም" ብላ ገና እንደተጋቡ መሪውን ቀማችው፤ እሱም ነገሩ የተስማማው ይመስለኛል። አዋላጅ ነበረች። ጠዋት ጠዋት እሱን ጋራዡ በር ላይ አውርዳ ወደ ጤና ጣቢያዋ ትሄዳለች። እኔ ከማዶ ሆኜ "ሙሽራው ደረሱ" እላለሁ። እሷ ትስቃለች፣ እሱ አይስቅም።

ለደንበኛ የሚሰጠው ማብራሪያ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንደኛው መንገድ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ላፕቶፑን ሰክቶ፣ የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ቀድቶና አስተካክሎ መልሶ መጻፍ ነው። ሶኬቱ እምቢ ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩን ራሱን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ መክፈትና በቀጫጭን ሽቦ ውስጡን መንካት አለ፤ ይኼ እጁ ለማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ቀላሉ መንገድ ግን ትንሽ ሳጥን ናት። በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መሃል ትገባና "ግፊቱ አንሷል" እያለች ኮምፒውተሩን ታታልለዋለች፤ እሱም አምኖ ይጨምራል። ሲነቅሏት መኪናው እንደ ነበረ ይሆናል።

ሳጥኗን አጥብቆ ይጠላል። "ውሸታሟ" ነው የሚላት። ደንበኛ ረከሰች ብሎ እሷን ሲጠይቀው "እኔ ለማሽን እንኳ አልዋሽም" ብሎ ላፕቶፑን ይዘጋል። በዚህ ጠባዩ ስንቱን እንጀራ ገፍቷል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብዬ ብተርተው፣ ብመክረው፣ አልሰማ አለ።

ባለፈው ክረምት ሚስቱ ሞተች። ሕመሟ አጭር ነበር፣ ክፉም ነበር። ከቀብር በኋላ ጋራዡን ሲከፍት፣ ኮፈን ከፍቶ ሲያጎነብስ፣ "ዝም በሉ" ማለት አላስፈለገውም። መንገዱ ሁሉ ዝም ብሎት ነበር።

መኪናዋን ልጃቸው ወሰደች፤ ጠዋት ጠዋት አባቷን ጋራዡ የምታደርሰውም እሷ ሆነች። ሌላ ልጅ የላቸውም። ባሏ የሚሠራው ሩቅ ከተማ ነው፤ መንታ ልጆቿን ይዛ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት በላይ ባለው ዳገት አናት ላይ ትኖራለች። መኪናዋ ደግሞ አርጅታለች። ልጆቹን፣ ቦርሳቸውንና አስቤዛውን ጭና ዳገቱን ስትወጣ ታቃስታለች።

"አባዬ፣ ለሰው ሁሉ ጉልበት ትሰጣለህ፣ የእኔ ጊዜ ምነው?" አለችው አንድ ቀን እኔው ፊት።

"እሺ፣ አየዋለሁ" አላት።

አላየውም። ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም አለፈ። ባሏ በስልክ "ሽጪያትና ሌላ እንግዛ" ሲላት "የለመድኳት ናት" ብላ እምቢ አለች። እኔ በበኩሌ ተናደድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ገባሁና "አንተ ሰው፣ ልጅህ ዳገት ላይ እየተንገላታች አንተ የሰው መኪና ታስጋልባለህ?" አልኩት።

መፍቻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገ።

"ካምቢዮው የእሷን እግር ለምዷል" አለኝ።

"የማንን?"

"የእናቷን።"

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ የነጂውን እግር እያየ ይማራል፤ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜም እንደዚያው ያደርጋል። ሚስቱ ነዳጅ የምትረግጠው እንቁላል ላይ እንደቆመ ሰው ነበር። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ደግሞ ልጆች በድንገት ይወጣሉ ብላ ሁልጊዜ እግሯን ታነሳለች። በዚህ የተነሳ ካምቢዮው ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ ትንሽ ያመነታል፤ ከዚያ ሳይሰማ ይገባል። መኪናዋ ሦስት የምትገባው ደግሞ ሁልጊዜ ዳቦ ቤቱ ጋ ነው።

"ልጄ ስትነዳ ከጎን እቀመጣለሁ" አለኝ። "ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ያመነታል። ያኔ የምትነዳው እናቷ ናት።"

"ጉልበት ብትጨምርለት ይኼ ምን ይሆናል?"

"በሶኬቱ ብጽፈውም፣ ጠረጴዛ ላይ ብከፍተውም ያው ነው። አዲሱን ጉልበት በድሮ ልማዱ ከያዘው ይንሸራተትና ይቃጠላል። ስለዚህ የተማረውን ማጥፋት አለብኝ።"

"ቅጂ አታስቀምጥም? ዋናውን ሳላስቀምጥ የሰው መኪና አልነካም ትል የለም እንዴ?"

"ዋናው ትእዛዝ ይቀመጣል። የተማረው ግን እዚያ ውስጥ የለም። እሱ ከጠፋ ጠፋ።"

እኔ ጎማ ነው የምሞላው። "አሁን የምትነዳው ልጅህ ናት፤ ቀስ በቀስ የእሷን መልመዱ ይቀራል?" አልኩት።

"አውቃለሁ። አሮጌ ስለሆነ ቶሎ አይረሳም" አለ። "ቀስ ብሎ ይርሳት።"

ይህን ሲል ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ለልጅቱ ለምን እንደማይነግራት ጠየቅኩት።

"እናቷን አንዴ ቀብራለች" አለኝ።

በሳምንቱ ውሸታሟን ገዛ፤ እሷ የምትጨምረው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ የካምቢዮውን ልማድ ማጥፋት አያስፈልግም። እጁ ላይ ሳያት ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት። የጋራዡን በር ገርበብ አድርጎ እንደ ሌባ ብቻውን ሰካት። ልጅቱ መጣችና እሱን ከጎን አስቀምጣ ዳገቱን ሞክራ ተመለሰች። "አባዬ፣ ይሻላል" አለችው። ካምቢዮው ዳቦ ቤቱ ጋ ማመንታቱን እሱ ሳይነግረኝ፣ ከመኪናው ሲወርድ ከገጹ አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ሰው መሰለ። ምሳ ሳቀርብለትም መብላት ጀመረ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። ዝናብ በጣለበት አንድ ጠዋት፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ኮምፒውተሩ ነቃ። የሚነገረው ግፊትና የሞተሩ ሥራ አልገጠመለትም፤ እንዲህ ሲሆን መኪና ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቆርጣል። መንታዎቹ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና፣ ዳገቱ እንዳያቆመው ተንደርድሮ እየመጣ ነበር። ሹፌሩ መሪውን ወደ ቦዩ ጠምዝዞ ነው ያተረፋቸው። የሰው ጉዳት የለም፤ የተሰበረውም የሱ መኪና የፊት መብራት ብቻ ነው።

መኪናዋን አስጎትታ መጣች። መንታዎቹን እኔ ጋ ጎማ ላይ አስቀምጬ ብስኩት ሰጠኋቸው።

"ምን ነካት፣ አባዬ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አላት። ሳጥኗን ነቀለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ይወረውራታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልወረወራትም።

በማግስቱ ልጅቱን "ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ዙር ንጂልኝ" አላት። ዳቦ ቤቱን አልፈው፣ ዳገቱን ወጥተው ተመለሱ። ዘገዩ፤ ሁለት ጊዜ የዞሩ ይመስለኛል። እሷ መኪናዋን ትታ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔ ብረቴን ጥዬ ተሻገርኩ። በሶኬቱ ሰክቶ አዲሱን ትእዛዝ ጻፈ። ይኼን ሥራ ተኝቶም ይሠራዋል። በመጨረሻ ላፕቶፑ ካምቢዮው የተማረው ሁሉ ይጥፋ እንደሆነ ጠየቀው። ጣቱ ላዩ ላይ ቆመ።

"ዝም በሉ" አለ።

ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሞተሩም አልተነሳም። ትንሽ ቆይቶ ተጫነው። ከመኪናው ወርዶ በጨርቁ ፊቱን ጠረገ፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ስለነበር ጉንጩ ጠቆረ። ልነግረው አልደፈርኩም።

መኪናዋ ጉልበት አገኘች። ከነጭነቷ ያንን ዳገት ሳታቃስት ትወጣው ጀመር። ሳምንት ያህል ቆይቶ ልጅቱ ጎማ ልታስነፋ መጣች። እሱም መንገዱን ተሻግሮ አጠገቧ ቆመ።

"ጉልበቷ በጣም ጥሩ ነው፣ አባዬ። እግዜር ይስጥህ" አለችው።

ጎማው ሞልቶ አልቋል፤ እሷ ግን አልሄደችም። ቁልፉን መዳፏ ላይ ታገላብጠዋለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆም ትል የነበረው ነገር የት ሄደ?"

"የቱ?"

"እማዬ ስትነዳ እንደነበረው ነበር እኮ። እዚያ ጋ ስደርስ በየጠዋቱ በሆዴ 'ደህና አደርሽ እማዬ' እላት ነበር። አንተ ሳትኖር ጮክ ብዬ ስለምላት ልጆቹም ለምደው አብረውኝ ይሏት ነበር። አሁን ዝም ብላ ታልፋለች።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተን ላስለቅስህ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የስንቱን ሞተር ሕመም በጆሮው የለየ ሰው፣ ከጎኗ ተቀምጦ፣ ልጁ ውስጥ ያለውን አልሰማም። እሷም አልሰማችውም። ሁለቱ በአንድ መኪና ውስጥ፣ በአንድ ቦታ፣ አንዲትን ሴት ያገኟት ነበር፤ አንዱ ለሌላው አዝኖ የሆዱን በሆዱ ይዞ። እጄን የጎማው ክዳን ላይ እንዳደረግኩ እውነቱን እስኪነግራት ጠበቅኩ።

"ጉልበቱ ለካምቢዮው አዲስ ሆኖበት ነው" አላት። "ሲለምድሽ ይመለሳል።"

"እውነት?"

"ትንሽ ጊዜ ስጪው።"

ለማሽን እንኳ አልዋሽም ይል የነበረው ሰው ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ክዳኑን አጠበቅኩ፤ ክዳኑ ግን ድሮም ጠብቆ ነበር። እሷ ፊቷ ፈካ ብሎ ጉንጩን ስማው ሄደች።

እስከ ዛሬ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ እግሯን ታነሳና ትጠብቃለች። እንዲህ ካደረገች ካምቢዮው አንድ ቀን ማመንታት ይጀምር ይሆናል። ያኔ ግን የሚማረው የልጅቱን እግር ነው፤ አባቷ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጠዋት ወደ ጋራዡ ስታመጣው ከጎኗ ተቀምጦ አብሯት ይጠብቃል።