ባልዲ የሚያሳግዙት ሴትዮ

ልጄ ትምህርት በጀመረች በሦስተኛው ቀን ልቤ አላርፍ ብሎኝ በክፍሏ መስኮት አጮልቄ ሳይ፣ ወንበሯ ሥር ሽንት ሲንጠባጠብ አየሁ። ክው አልኩ። አሁን ይስቁባታል ስል፣ ጠና ያሉት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ሰማያዊው ጋውናቸው ሰፊ ነው፤ ኪሱ ደግሞ አብጧል። መወልወያቸውን ወንበሩ ሥር ጣል አደረጉና፣

«የኔ እመቤት፣ ነይ እስቲ ባልዲ አግዢኝ፤ ወገቤን ይዞኛል» አሏት።

«እማማ፣ ትናንትም እኔን አልጠሩኝም!» ብሎ አንዱ አኮረፈ። ለካ ያልሸኑትንም ልጆች ተራ በተራ ይጠራሉ፤ ማን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በጋውናቸው ከልለው አወጧት። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ካበጠው ኪስ ደረቅ ሱሪ አውጥተው እያለበሷት ነበር። ልጄ ወደ ክፍሏ ስትሮጥ ሙሉውን ባልዲ በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉት። ወገባቸው ምንም አልሆነም።

«ይሄን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

እርጥቡን ሱሪ እየጨመቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ «በልጅነቴ እንዲህ ሆኜ፣ ክፍል ፊት ያቆመችኝ አስተማሪ» አሉ።

ማታ ልጄ አባቷ በሩን ገና ሳይዘጋ ተንደርድራ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ የተመረጥኩት እኔ ነኝ!»